እመት ሳሙና እና አማቷ

ሴቶቹ በባለሱቋ ግቢ ውስጥ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። የጤና ሠራተኛዋ መሐላቸው ቆማ ዝንብ ከሰገራ ላይ ተነስታ እንዴት ሕፃን ጡጦ ላይ እንደምታርፍ በጣቷ እያሳየች ታስረዳለች። ሁሉም ጸጥ ብለው ይሰማሉ። «ዛሬስ ገባቸው» ብላ ልቧ ሞላ ሲል አንዷ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች። ከዚያ ጎኗ ያለችው አዞረች። ከዚያ ሁሉም።

ከአጥሩ ማዶ፣ በሜዳው መሐል፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ፈፋው ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ ቆም ብለው ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ጤናውን ይጠይቃሉ። የት እንደሚሄዱ ከማንም የተሰወረ አይደለም፤ ወገባቸውን ሊሞክሩ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም። የጤና ሠራተኛዋ አማት፣ የባሏ አባት ናቸው።

«ዝንቧ ከየት ተነሳች ነው ያልሽን?» አለች ባለሱቋ፣ የዋህ መስላ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የጤና ሠራተኛዋም የዚያን ቀን ትምህርቷን እዚያው ላይ አቋረጠች።

በዚያ መንደር እሷን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እመት ሳሙና» ነው የሚሏት። ሥራ በጀመረች ሰሞን የሰው ቤት ገብታ ገና ሳትቀመጥ «ሳሙና የት አለ?» ስለምትል የወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር። ኋላ ግን ልጆች ከአጥር ጀርባ ሆነው «እመት ሳሙና!» ብለው ሲጮኹ፣ «አቤት! እጃችሁን ታጥባችኋል?» እያለች መመለስ ለመደች። ልጆቹም መሮጥ ለመዱ።

ወደዚህ ሥራ ያመጣት ንዴት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ቀድሞ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር እናቶች ከገጠር ልጆቻቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፤ የልጆቹ ዓይን ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ። ይታከማሉ፣ ይሻላቸዋል፣ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዝናብ ያችው እናት፣ ያው ልጅ፣ ያው ተቅማጥ። እሷም ያንኑ ካርድ ከመደርደሪያው ትመዛለች። አንድ ቀን አንዲት እናት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ስትመጣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ፣ «ኧረ ይሄን ውሃ አንድ በሉት!» ብላ ጮኸች። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አያት።

አለቃዋ አስጠርቶ ምን እንደነካት ቢጠይቃት፣ «እኔ እዚህ ካርድ ሳወጣ ልጁ እዚያ ያንኑ ውሃ ይጠጣል። ከምንጩ ካልተያዘ ምን ዋጋ አለው?» አለችው። አለቃው ነገሩ ገብቶት ይሁን ከጩኸቷ ሊገላገል ፈልጎ፣ ለገጠር ጤና ሠራተኝነት ሥልጠና ስሟን አስገባላት። እዚያ መንደር ተመደበች፤ እዚያው አንድ ዝምተኛ አናጢ አገባችና ቀረች።

መንደሩ ዳገት ላይ የተቀመጠ ነው። ከላይ ቤቶቹ አሉ፤ ከቤቶቹ ዝቅ ብሎ ያ ቁጥቋጦ የሸፈነው ፈፋ አለ፤ ከፈፋው ግርጌ ምንጩ አለ። ምንጩ በሲሚንቶ ታጥሮ ቧንቧ ተቀጥሎለታል፤ ሲያዩት ያምራል። ዳሩ ግን ፈፋ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ ዝናብ እየጠረገ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልግም። ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ የማያውቅ ሰው በዚያ መንደር የለም። እመት ሳሙናን የሚያሳብዳት ይኼው ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ሁሉም ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አማቷ ይወርዳሉ።

መንደሩ «አባ ጉልበት» ይላቸዋል። በጉብዝናቸው ጊዜ አንድ የተጫነ ጋሪ ወንዝ ዳር ጭቃ ውጦት፣ በቅሎዋም ሰዎቹም ተስፋ ሲቆርጡ፣ እሳቸው ከሥሩ ገብተው በትከሻቸው ሽቅብ አወጡት ይባላል። ምጥ የያዛትን ጎረቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን እንዳወጧት ደግሞ ሴትየዋ ራሷ እስከ ዛሬ ትናገራለች። አሁን አርጅተዋል፣ ግን ቃላቸው ይሰማል። ዘር ዝሩ ሲሉ ይዘራል፣ ታረቁ ሲሉ ይታረቃል። ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ፈፋው ሲያቀኑ የእድሜ እኩዮቻቸው አንድ በአንድ ከየበራቸው ብቅ ብቅ ይሉና ይከተሏቸዋል። ሲመለሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው ይጫወታሉ። እመት ሳሙና ይህን ስታይ፣ «ሸንጎ ነው እንጂ ይሄ ምኑ ፈፋ ነው!» እያለች ትበግናለች።

እንዳትጠላቸው ደግሞ መልካም ሰው ናቸው። ሙሽራ ሆና ስትመጣ መስኮት ያለውን የራሳቸውን ክፍል ለቀውላት እሳቸው ጓዳ አጠገብ ተኝተዋል። ባሏ ላይ ስትቆጣ እሷን ደግፈው ይቆማሉ። ልጇን እያጫወቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሁሉም ነገር እሺ ባይ፤ በዚህች በአንዷ ነገር ብቻ ድንጋይ።

ሽንት ቤት ጠፍቶም አይደለም። ባሏ ግቢያቸው ጥግ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የሲሚንቶ ወለል ጥሎ፣ ቀዳዳውን በልክ አውጥቶ፣ ግድግዳውን በተላገ ጣውላ አልብሶ እንደ እቃ ሳጥን አሳምሮ ሠርቶታል። በሩ ከቤታቸው በር ይበልጣል። ከጎኑ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ተንጠልጥሏል፤ ሳሙና በገመድ ታስሯል። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አይቶ፣ «እንደዚህ ሥራልኝ» ብሎ ባሏን ሥራ አስይዞታል። አባ ጉልበትም አይተው፣ «የልጄ እጅ ይባረክ፣ ቤት ነው» ብለው መርቀው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ፈፋው ወረዱ።

ምክንያት ሲጠየቁ አንድ ቀን የተናገሩትን ሌላ ቀን አይደግሙም። አንዴ «ይሸተኛል» ይላሉ፤ እሷ አመድ ትነሰንሳለች። አንዴ «ይጨልመኛል» ይላሉ፤ ባሏ ከላይ ትንሽ መስኮት ያወጣል። አንዴ «እንደ ዶሮ ቆጥ ውስጥ ገብቼ ልዘጋ?» ይላሉ። አንዴ ደግሞ፣ «ጉድጓድ የምገባው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ሲደርስ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?» ብለው እየሳቁ ይሄዳሉ።

«አንተ ንገራቸው እንጂ!» ትላለች ባሏን።

«ምን ብዬ?»

«ሽንት ቤት ይግቡ ብለህ ነዋ!»

ባሏ መላጊያውን አስቀምጦ እንደ ጉድ ያያታል። «አባቴን? እኔ? እንዲህ ያለ ነገር?»

«ምሳ ይብሉ ስትላቸው አታፍርም አይደል? የበላ ሰው የት እንደሚሄድ ሲሆን ነው እንዴ የምታፍረው?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ይልና ወደ ጣውላው ይመለሳል።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከችባቸው። የላከቻቸው ሽማግሌዎች መጥተው ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ዳቦ በሉ፣ ስለ ዝናቡ ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ተነስተው ከአባ ጉልበት ጋር ተያይዘው ፈፋ ወረዱ። እመት ሳሙና የሻይ ብርጭቆውን እያጠበች ለብቻዋ ስታወራ ባሏ ሰማት። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ትላለች። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

የዚያ ዓመት ዝናብ ሲገባ የተለመደው መጣ። መጀመሪያ የታችኛው ሰፈር ልጆች፣ ከዚያ የመሐሉ፣ ከዚያ የእሷው ልጅ። ትንሿ ልጅ ሙሉ ቀን ስታስመልስና ሲያስቀምጣት ዋለች። እናትየዋ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ መድኃኒት በማንኪያ ትሰጣታለች፤ ልጅቷ አንዱን ስትውጥ ሌላውን ትተፋለች። ቤቷ ውሃ ታፈላለች። ግን ልጅ ልጅ ነው፤ ጨዋታ መሐል ሲጠማው ከጎረቤት ልጆች ጋር ቧንቧው ሥር አፉን ይደቅናል።

አባ ጉልበት የልጅቷን እግር ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ምን ነካብኝ ልጄን?» አሉ።

እመት ሳሙና ስትጠብቀው የኖረችው ይህን ጥያቄ የነበረ ይመስል ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እርስዎ ነዎት የነኳት፣ አባባ!»

«እኔ?»

«እርስዎ! እዚያ ፈፋ የሚወርደው ሁሉ እርስዎን እያየ ነው። እርስዎ ቢተዉ ይተዋል። ምላሴ እስኪላጥ በየቤቱ ስለፈልፍ እውላለሁ፣ እርስዎ በመሐላቸው ምርኩዝዎን ይዘው ያልፋሉ። መሳቂያ ሆንኩ! ለእኔ ባያዝኑ ለልጅቷ አያዝኑም?»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ምሰሶ ደረቀ። ሽማግሌው የልጅቷን እግር በቀስታ አልጋው ላይ መልሰው፣ ምርኩዛቸውን ፈልገው፣ ወጥተው ደጅ ተቀመጡ። ልጅቷ ተሻላት፤ ቤቱ ግን ቀዘቀዘ። አባ ጉልበት «ርቦኝ አይደለም» እያሉ ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። እመት ሳሙና ይቅርታ ልትል ታስብና ጠዋት ወደ ፈፋው ሲወርዱ ስታያቸው ንዴቷ ተመልሶ ይመጣባታል።

በዚህ መሐል ከከተማው ቢሮ መልእክት መጣ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው መንደሩን ሊያዩ ነው፤ ሜዳ የሚወጣ ሰው ካልተገኘ መንደሩ «ንጹሕ» ተብሎ መግቢያው ላይ ታፔላ ይተከልለታል። ንጹሕ የተባለ መንደር ደግሞ ምንጩ ላይ አዲስ ግንባታ፣ ለየሰፈሩም ቦኖ ይሠራለታል። እመት ሳሙና ቤት ለቤት ዞራ «ለአንድ ቀን እንኳ ጉዴን አታውጡ» እያለች ለመነች። ሰዎቹም ማሉላት። ማታ ላይ አማቷ ፊት ቆመች፤ ከዚያ ከክፉው ቀን ወዲህ በደንብ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አባባ፣ አፈር ስሆን። ነገን ብቻ።»

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ፣ «እሞክራለሁ» አሉ።

እውነትም ጠዋት ሽንት ቤቱ ሲገቡ በዓይኗ አየች። ልቧ ዘለለ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ፤ ግንባራቸው ላብ አቸፍችፎ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «ይኸው! ምን ነበረው?» አለቻቸው እየሳቀች። «ምንም» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እሷ ከደስታዋ ብዛት ላቡን ልብ አላለችውም።

ተቆጣጣሪው ወጣት ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ የተለካ። ከጓደኛው ጋር ሆኖ የየቤቱን ሽንት ቤት በር እየከፈተ አየ። ባለሱቋ ቤት የከሰል ጆንያ ተደርድሮበት አገኘና ቅንድቡን አነሳ፤ እመት ሳሙና ፈጥና «ለጊዜው ነው» አለች። ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። ታፔላው መኪናው ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ጽሑፉም ያምራል። «በመጨረሻ ፈፋውን እንይ» አለ ተቆጣጣሪው። «ይሁን» አለች፣ በሙሉ ልብ።

ፈፋው አፋፍ ላይ ሲደርሱ አባ ጉልበት ከነምርኩዛቸው ሊወርዱ ሲሉ አገኟቸው።

«አባት፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለ ወጣቱ።

«አንተስ ምን ትሠራለህ?» አሉት ሽማግሌው። «ሰው እዚህ የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው።» ብለውም ቁልቁል ወረዱ።

ወጣቱ ወደ እመት ሳሙና ዞረ። «እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

ከኋላቸው ተከትሎ የመጣው የመንደር ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እሷም መዋሸት አልሆነላትም። «አማቴ ናቸው» አለች።

«እህቴ፣ ሥራ ከቤት ይጀምራል» አለ ወጣቱ። «በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን።» ታፔላው እንደተጋደመ መኪናው አዙሮ ሄደ። አቧራው ገና ሳይረጋ ባለሱቋ ለጎኗ ሴት፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ስትል ተሰማች። ስለ ከሰሉ የምትመልስላት አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር፤ ዋጠችው።

ሰው ሁሉ ሲበተን እሷ እዚያው አፋፍ ላይ ቀረች። ደሟ ፈልቷል። ዛሬ ሲመለሱ መንገድ ላይ አቁማ፣ አማት ነው አባት ነው ሳትል፣ የሆዷን ልታራግፍ ቆርጣለች። ጠበቀች። አልመጡም። ፀሐዩ አናቷን በሳው። አሁንም አልመጡም። «ጭራሽ እዚያው ሊኖሩ ነው እንዴ?» ብላ በቁጣ ቁጥቋጦውን እየገፈተረች ወረደች።

ጥቂት እንደሄደች ማቃሰት ሰማች። ቀጥሎም ቅርንጫፍ ሲንቋቋ።

«ማነው?» አሉ አባ ጉልበት፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ዙሪ! ወደዚያ ዙሪ!»

ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ባልሽን ጥሪው።»

«ሥራ ላይ ነው፤ ታች ሰፈር ጣራ እየመታ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂ። እኔ እነሳለሁ።»

አልሄደችም። ቅርንጫፉ ተንቋቋ፤ ማቃሰቱ ተሰማ፤ ከዚያ እንደ ጆንያ ዱብ የማለት ድምፅ። «አባባ፣ ምን ሆነዋል?» «ምንም አልሆንኩም።» እንደገና ቅርንጫፉ፣ እንደገና ዱብ። ቁጣዋ የት እንደገባ እሷም አላወቀችም። ፊቷን ሳታዞር የኋልዮሽ እየተራመደች፣ በእግሯ ድንጋዩን እየዳሰሰች ተጠጋችና እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «ይያዙኝ» አለች። ከዚያ ያ ጋሪ ያነሳ ትልቅ እጅ እጇን ጨበጠው። እሷ ሳታይ ጎተተች፤ እሳቸው እያቃሰቱ ተነሱ። ልብሳቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ እንዳትዞር ሁለቴ አስጠነቀቋት።

አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽማግሌው ከፊታቸው ያለውን ዛፍ በምርኩዛቸው አመለከቱ። ግንዱ ከሥር፣ ሰው ቁጢጥ ሲል እጁ በሚደርስበት ልክ፣ ልጡ ተልጦ እንደ መጥረቢያ እጀታ ለስልሷል።

«ጉልበቴ ነው» አሉ። «ከታጠፈ አይዘረጋልኝም። ይሄን ይዤ ነበር የምነሳው። ዛሬ እሱም እምቢ አለኝ።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«ምኑን ልያዝ? ልጄ ግድግዳውን አለስልሶ ልጎታል። ዛሬ ጠዋት አንቺን ላስደስት ብዬ ገባሁ፤ ዝቅ ማለት አቅቶኝ ቆሜ ወጣሁ። እዚያ ውስጥ ወድቄ ምራቴ በር ሰብራ ከምታወጣኝ ብዬ…» አልጨረሱትም።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አባ ጉልበትን ጉልበት ከዳው ብዬ? ደግሞስ አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? ስለ ዝንብ ነገርሽኝ። ስለ ትል ነገርሽኝ። ስለ ሳሙና ብቻ ስንት ቀን ነገርሽኝ! አንድ ቀን “ምን አስቸገረዎት?” ብለሽኛል?»

እመት ሳሙና ስታስበው እውነት ነው፤ «ለምን አይገቡም?» ብላ ጮሃለች እንጂ «ምን አስቸገረዎት?» አላለችም። መሳቅም፣ ማልቀስም፣ መጮህም አማራት። ያሸነፈው ጩኸቱ ነው።

«እና አፍ የለዎትም? መንደሩ ታመመ፣ ልጄ ታመመች፣ እኔ በሰው ፊት ተዋረድኩ፣ ታፔላው ተመለሰ፣ ሁሉም ልጅዎ በአንድ ቀን ለሚሠራልዎት መቀመጫ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ምን መቀመጫ?»

ለባሏ ስትነግረው እጁ ላይ የያዘውን ሚስማር ደጋግሞ አገላበጠው። «እኔ ነኝ የላግኩት ግድግዳውን» አለ ብቻ። ከዚያ ወደ ጣውላው ክምር ሄደ።

ሥራው የታሰበውን ያህል ቀላል አልሆነም። አባትን ለሽንት ቤት መቀመጫ መለካት አፍሮ በዓይኑ ገምቶ ሠራው፤ የመጀመሪያው ረዝሞ የአባ ጉልበት እግር ተንጠለጠለ። ሁለተኛው ቀዳዳው ሰፋ። አማቷ እንዳዩት «ይሄ ሰው ይውጣል» ብለው አልቀረብም አሉ። «ለካቸው በቃ! አባትህ ናቸው እንጂ ንጉሥ አይደሉ!» ብላ እመት ሳሙና ሜትሩን እጁ ላይ አስያዘችው። ሦስተኛው ልክ ሆነ። መቀመጫው ላይ ክዳን፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጠንካራ መያዣ እንጨት ተመታበት። አባ ጉልበት ገብተው ወጡ። እጃቸውን ታጥበው፣ በሳሙናው ሳይቀር፣ ከቤተሰቡ ጋር ምሳ ቀረቡ።

በማግስቱ እኩዮቻቸው ቢጠብቁ ቢጠብቁ አባ ጉልበት የሉም። ታመው ይሆናል ብለው ተያይዘው መጡ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው እየመሩ ወስደው መቀመጫውን አሳዩአቸው። «ዙፋን ነው እኮ!» አለ አንዱ። ሌላው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ዙሪያውን ቃኝቶ «ትንሽ ልቀመጥበት?» አለ። ለካ ከእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ጉልበቱ ወይ ወገቡ ደህና የነበረ አንድም አልነበረም። ሁሉም ዛፍ ዛፉን ይዞ ነው የከረመው፤ አንዱ ለሌላው ግን ትንፍሽ አላለም። ይህን ስትሰማ እመት ሳሙና እንደ አዲስ በገነች። ባሏ ግን ሥራ በዛለት።

ቢሮ ሄዳ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ የሚሆን ጣውላ እንዲሰጧት ጠየቀች። ያ ወጣት ተቆጣጣሪ መጽሐፉን ገልጦ፣ «በዲዛይኑ ውስጥ መቀመጫ የለም» አላት።

«ሽማግሌስ በዲዛይኑ ውስጥ አለ?»

ወጣቱ አሰበና፣ «አስተያየትሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አለ። አቀረበች። መልስ እስካሁን አልመጣም። ጣውላው ከየቤቱ ተዋጣ፤ ከአሮጌ አልጋ፣ ከተሰበረ ሳጥን። ፈፋው ውስጥ ሣር በቀለ። ታፔላው ከብዙ ምልልስ በኋላ መጥቶ ተተከለ፤ ቦኖው ግን «በጀት ሲለቀቅ» ተባለ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። አባ ጉልበት ከዚያ መቀመጫ ላይ አልነሳም አሉ። ጠዋት ይገቡና ፀሐይ እስኪሞቅ ይቀመጣሉ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ልትሄድ እየዘለለች በሩ ላይ ትቆማለች፤ ባልየው መዶሻውን ይዞ ይንቆራጠጣል።

«አባባ፣ ጨረሱ?» ትላለች እመት ሳሙና በሩን እየቆረቆረች።

«እያሰብኩ ነው» ይላሉ ከውስጥ።

«እዚህ ነው የሚታሰበው?»

«ጸጥ ይላል፤ ንፋሱም ጥሩ ነው።»

አንድ ጠዋት፣ ሥራ ረፍዶባት፣ እግሯ ሳታስበው ወደ ፈፋው አቅጣጫ ወስዷት ከግቢው በር ላይ እንደተመለሰች ለባሏ ብቻ ነግራዋለች። ባሏ ሁለተኛ ጉድጓድ ጀመረ፤ ወገቡ ድረስ ሲደርስ አለት አገኘና ቦታ ቀየረ። እስካሁን እየቆፈረ ነው።

እመት ሳሙናም ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ «ምን አስቸገራችሁ?» ማለት ጀመረች። ምነው ባላልኩ ያሰኛት ጊዜ ብዙ ነው። ባለሱቋ ለካ ከሰሉን እዚያ የከመረችው በሯ መንገድ ላይ ስለሚከፈትና መዝጊያው ከውስጥ ስለማይይዝ ነው፤ በሩ ዞሮ ሲገጠምላት ከሰሉ ወጣ። አንዷ ነፍሰ ጡር ቀዳዳው ሰፍቶ ያስፈራታል። አንዷ አማቷ በሚገቡበት መግባት ታፍራለች። አንዱ እባብ አይቻለሁ ይላል፤ የት እንዳየ ሲጠየቅ ግን በሕልሙ ነው። ድሮ እሷ ተናግራ ትወጣ ነበር፤ አሁን እነሱ ይናገራሉ፣ እሷ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ቀን በቀን እየረፈደባት፣ እግሯ አብጦ፣ ራሷን እያዞራት ቤቷ ትገባለች።

በሚቀጥለው ዝናብ የታመሙት ልጆች ካለፈው አነሱ። አልጠፉም ግን። ስታጣራ፣ ለካ ከመንደሩ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ካለው ሰፈር የሚመጣው ጎርፍ ዞሮ እዚያው ምንጭ አጠገብ ይወርዳል። «ወይ ፍርጃ!» አለች። ቦርሳዋን አንግታ ዳገቱን ወጣች።

የመጀመሪያው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት እህል ስትለቅም አገኘች። ሰላም ተባባሉ። እመት ሳሙና ላቧን ጠርጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ሽንት ቤት ያልሠራችሁት ምን አስቸግሯችሁ ነው?» አለች።

ሴትየዋ እህሉን አስቀምጣ እጇን አራገፈች። «ከየቱ ልጀምርልሽ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ የሚጠጣ ውሃ ስጪኝ። የፈላ ነው?»

«እሱንም እነግርሻለሁ» አለች ሴትየዋ። «ብቻ ተመቻችተሽ ተቀመጪ።»